ሰም ነው ብዬ የገዛሁት

ስለ መኪና ብዙም አላውቅ። እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ቢኖር ቤንዚን ሲያልቅባት እንደምትቆም ነው። ከአባቴ በወረስኳት ሰማያዊ ዲኤክስ ግን ቀልድ የለም። አባቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ ኮፈኗን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላት ነበር። ቀለሟ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው፤ ብሩሽም ስቱኮም ያልነካት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደላሎች ባየኋቸው ቁጥር "አትሸጣትም ወይ?" ይሉኛል። የአባት ማስታወሻ ይሸጣል እንዴ?

የእህቴ ልጅ ልትዳር ሆነና "ሙሽራዋን የአያቷ መኪና ይውሰዳት" ተባለ። ደስ አለኝ። ቀለሟ ግን ደብዘዝ ብሏል። ሶማሌ ተራ ወረድኩና አንድ ሱቅ ገብቼ "ለመኪና የሚሆን ሰም አለ?" አልኩ። መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ ቆርቆሮው፣ ጠርሙሱ፣ የሚነፋው። "ሁሉም ሰው የሚወስደው ይኼን ነው ጋሼ" አለኝ ሻጩ። ላዩ ላይ የተሣለችው ቀይ መኪና ታብለጨልጫለች። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ከፍዬ ወጣሁ።

ቆርቆሮውን ለሰፈራችን መኪና አጣቢ ልጅ ሰጠሁትና "በየሳምንቱ ቀባት" አልኩት። በመጀመሪያው ሳምንት መስታወት መሰለች! በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ጨርቁን ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ ጨርቁ ሰማያዊ እየሆነ ነው።"

"ቆሻሻ ነው፤ እሸው።"

"ቆሻሻ ሰማያዊ ነው እንዴ?" ብሎ አጉተምትሞ ሄደ።

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው በኮፈኑ ጠርዝ ላይ ግራጫው አንቲረስት ብቅ አለ። ያን ዕለት የሆንኩትን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ። ልጁን ቡና በሚጠጣው ሰው ሁሉ ፊት ጮኽኩበት። "በኦሞ አጥበህ ነው! በናፍጣ ወልውለህ ነው! ሁለተኛ መኪናዬን እንዳትነካ!" አልኩት። ባልዲውን አነሣ። "እርስዎ የሰጡኝን ነው የቀባሁት" አለና ሄደ። ጎረቤቶቼም እኔን ሰምተው መጥራቱን ተዉ። ልጁ ከሰፈር ጠፋ።

መኪናዋን አንድ ቀለም ቤት ወሰድኳት። ቀቢው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ኮፈኑን በጣታቸው ዳሰሱና "ቆርቆሮውን ያምጡት" አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እኔም የኔን አወጣሁ፤ ከረፈደ።

"ይኼ እኮ ሰም አይደለም፤ ኮምፓውንድ ነው። ይልጣል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፓውንድ ውስጡ እጅግ የደቀቀ አሸዋ መሰል ነገር አለው። የሚያበራው የደበዘዘውን የላይኛውን ቀለም ገፎ ነው። ጭረት ሲኖር አንድ ጊዜ ይደረጋል እንጂ በየሳምንቱ አይታሽም። እንደኔዋ ያለች አሮጌ መኪና ከቀለሟ በላይ ብርጭቆ መሰሉ መከላከያ ስለሌላት ጨርቁ ቀለሟን ይዞ ይናገራል። በአዲሶቹ ግን የሚገፈፈው ቀለም አልባው ሽፋን ስለሆነ ባለቤቱ እስኪረፍድ አያውቅም።

ሰም ግን አይገፍም፤ ይሸፍናል። የታወቀው ካርናውባ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ የሚገኝ ነው። "የኛ የጧፍ ሰምስ?" ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁ። የንብ ሰም 62 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ካርናውባ ከ80 በላይ ይፈልጋል። ብቻውን የተቀባ የንብ ሰም ጠራራ ላይ በዋለ ኮፈን ይለሰልስና የአዲስ አበባን አቧራ ይሰበስባል። ካርናውባ ያማረ ድምቀት ይሰጣል፤ ዕድሜው ግን ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ነው። በፋብሪካ የሚሠራው ሰው ሠራሽ መከላከያ ደግሞ ድምቀቱ ቀዝቀዝ ቢልም የበለጠ ይቆያል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ፀሐይዋ ቀለም ላይ ትበረታለችና መኪናው ደጅ ለሚያድር ሰው ሁለተኛው ይሻለዋል።

የቀረውን እንደ ጸሎት አስጠኑኝ፦ በልብስ ሳሙና አይታጠብ፣ ያለውን ሰም ያወልቃል። ጥላ ሥር፣ ላሜራው ሲቀዘቅዝ ይቀባ። ስስ ይሁን፤ ማወፈር ትርፉ ድካም ነው። ውኃ ሲያፈሱበት እንደ ዶቃ ካልተንከባለለ ሰሙ አልቋል። ከሁሉ በፊት ግን የማያውቁትን ዕቃ በነጭ ጨርቅ፣ በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያቁሙ።

ጨርቁማ ነግሮኝ ነበር። ልጁም ነግሮኝ ነበር። ያልሰማሁት ነገሩ ከአጣቢ አፍ ስለወጣ ነው፤ የተማርኩት እኔ ነኛ! ለነገሩ እኔ ብቻም አይደለሁ። በየመሥሪያ ቤታችን ሥራ ሲበላሽ የሚጠየቀው ጨርቁን የያዘው እንጂ ቆርቆሮውን የገዛው አይደለም።

ኮፈኑ እንደገና ተቀባ። ቀለሙ ከፓራፋንጎው ጋር ጥቂት አልገጠመም፤ በሠርጉ ቀን አበባ ሸፈነው። ልጁን ከብዙ ፍለጋ በኋላ ራቅ ያለ ላቫጆ ውስጥ በቅጥር ሲያጥብ አገኘሁት። ይቅርታ ስጠይቀው "ተዉት ጋሼ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ያዋረድኩት ግን በሰው ፊት ነበርና ይቅርታው በጓሮ አይሆንም። ቡናው ጋ ሄጄ፣ ያኔ ለሰሙት ሁሉ ጥፋቱ የኔ እንደነበር ተናገርኩ። ሁለቱ ሲስቁ አንዱ "መነጽር ለምን ይገዛል ታዲያ?" አለኝ። ልክ ነው።

አሁን ልጁ ተመልሷል። በየሦስት ወሩ ሰም ይቀባታል፤ ዕቃውን አብረን አንብበን ነው የገዛነው። ሲጨርስ ጨርቁን ዘርግቶ ያሳየኛል።

"ጋሼ፣ ነጭ ነው።"

እኔም መነጽሬን አድርጌ አያለሁ።