ቤተ ሰብን ይዞ አዲስ አበባን በአንድ ቀን ስለ መጐብኘት

ሰው በሚኖርበት ከተማ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ሊያረጅ ይችላል። ዘወትር በአንድ መንገድ ይመላለሳል፤ የአደባባዮቹን ስም የታክሲ መውረጃ ስም አድርጎ ብቻ ያውቃቸዋል፤ ልጁ ግን «አባባ፥ ይህ ሐውልት የማን ነው?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልስ ያጣል። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ከወንዙ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ አንሥተው እንዲያቆሙ የታዘዙት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነበር። ድንጋዮቹ የቆሙት ልጆች ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱባቸው ነው እንጂ ለጌጥ አልነበረም። አዲስ አበባም እንደዚህ ያሉ ብዙ ድንጋዮች አሏት። ስለዚህ ከክፍለ ሀገር ዘመድ ሊጠይቅ የመጣም ሆነ በከተማዪቱ የሚኖር ቤተ ሰብ አንድ ቀን መድቦ እንዴት ሊጐበኛት እንደሚችል ጥቂት ለማስረዳት አሰብን።

ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን መምረጥ ያስፈልጋል። እሑድ የቅዳሴ ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾም ቀናት ስለ ሆኑ ከልጆችና ከሽማግሌዎች ጋር ረጅም መንገድ ለመሄድ አይመቹም። ስለዚህ ቅዳሜ ይሻላል። ከወራቱም ዝናሙ ካባራ በኋላ ያሉት፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት፥ ሰማዩ የጠራ ስለሚሆን የተመረጡ ናቸው። ቤተ መዘክሮች የሚከፈቱበትን ሰዓትና የመግቢያውን ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡ በዋዜማው ተቈጥሮ ቢለይ በመንገድ ላይ ባልና ሚስትን ከሚያቃቅር ንግግር ያድናል።

ሁለተኛው ነገር መጠንን ማወቅ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በአንድ ቀን ዐሥር ቦታ ላሳያችሁ ያለ አባት ወደ ማታ የደከሙ እግሮችንና የተቀላቀሉ ስሞችን ብቻ ይዞ ይገባል። የቀኑ እርምጃ በአያትና በትንሹ ልጅ እግር ይለካ። ጉዞውም ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ ከእንጦጦ ተነሥቶ በስድስት ኪሎ፥ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርጎ እስከ አራዳ ይውረድ። እንዲህ ሲሆን አረጋውያን ዳገት አይወጡም፤ ታሪኩም ከተማዪቱ ባደገችበት በኩል በየተራው ይነገራል።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ እንጦጦ መውጣት መልካም ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ብርዱ ብርቱ ነውና ለአያት ጋቢ፥ ለልጆች ሹራብ አይረሳ። በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጭነዋል። ከተሳለሙ በኋላ በግቢው ያለውን ቤተ መዘክር ማየት ይቻላል። ከዚያም ልጆቹን ወደ ገደሉ አፋፍ አቅርቦ ከተማዪቱን ከላይ ማሳየት ነው። የተራራው ብርድና የእንጨት እጥረት ስላስቸገረ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም.ም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ ነው። የእንጨት እጦት ሊያፈልሳት የነበረችውን ከተማ በቦታዋ ያጸናት ይህ ዛፍ መሆኑን ልጅ ቢሰማ ዛፉን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል ሲወርዱ በግራና በቀኝ የሸማ ልብስ ሲሸጥ ይታያል። እናቶች እዚህ እንዳይዘገዩ አንልም፤ ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቀጥሎ ስድስት ኪሎ ነው። በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በሦስት ቀን ውስጥ የፈጁት ሕዝብ መታሰቢያ ነው። በዚህ ቦታ ንግግር አይብዛ። ልጆቹ በሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ዞረው ይመልከቱ፤ ለሞቱትም አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ።

በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ቤተ መዘክር አለ። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው የድንቅነሽ ዐፅም ቅጂ በዚያ ይታያል፤ ሊቃውንት ዕድሜዋን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይገምቱታል። ዐዋቂ የሆነ ልጅ እዚህ ላይ ስለ አዳም መጠየቁ አይቀርም። እኛ የቤተ ክርስቲያኑንም የዘመናዊውንም ትምህርት ቤት ደጅ ስለ ጠናን ይህን ጥያቄ ከብዙ ተማሪዎች አፍ ሰምተነዋል። ጥያቄውን በቁጣ መዝጋት ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳምነውም። ተመራማሪዎች ከዐፅሙ ያገኙትን ሳያጣምሙ መንገር፥ ቤተ ክርስቲያንም ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠሩን እንደምታስተምር ማስረዳት፥ መጠየቅም ኀጢአት አለመሆኑን መግለጥ ይገባል። አባት የማያውቀውን «ንስሐ አባታችንን አብረን እንጠይቃለን» ቢል በልጁ ዘንድ አያፍርም።

ምሳ ከቤት በአገልግል ተይዞ ቢመጣ ወጪ ይቀንሳል፤ አያትም የለመዱትን ይበላሉ። ከምሳ በኋላ አራት ኪሎ ወዳለው ወደ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ መሄድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ቤተ መዘክር አይደለችምና ጫማ ይውለቅ፤ ሴቶች ነጠላቸውን ይከናነቡ፤ ጸሎት እየተደረገ ከሆነም እስኪያበቃ በውጭ ይቆዩ። በውስጥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ብዙ ዓመት በክብር ሳይቀበሩ ቆይተው ዐፅማቸው በዚህ ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። በቅጽሩም በጠላት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ በብዕሯ የተከራከረችው እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክረስት ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ታርፋለች። እንግዳ ሆኖ ወገን የሆነ ሰው እንዳለ ለልጆች ማሳያ ትሆናለች።

የቀኑ መጨረሻ አራዳ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል የሆነው በቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ቀን ነበር፤ የጊዮርጊስም ታቦት አብሮ ዘምቷል። ስምንት ማዕዘን ሆኖ የታነጸው የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዚያ ድል መታሰቢያ ነው። ጠላት በ1929 ዓ.ም. አቃጠለው፤ ከነጻነት በኋላ ታድሷል። በፊቱ ምኒልክ በፈረስ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ጥቂት እልፍ ብሎ ያለው ሐውልት ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ነው። አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ ነበር፤ ኋላም ወደ ስፍራው ተመልሷል። በዚህ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፥ እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ሰፊ ጊዜ ስለሚፈልጉ ለሌላ ቀን ቢቆዩ ይሻላል።

አንዳንድ ቤተ ሰብ «እማማ ይደክማቸዋል፤ ቤት ይጠብቁ» ይላል። ይህን ምክር አንቀበለውም። የየካቲት 12ን እልቂት በዓይናቸው ያዩት አልቀዋል ለማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ አፍ የሰሙት ግን ገና በየቤታችን አሉ። ድንጋይ ብቻውን አይናገርም። በ2016 ዓ.ም. ከአራዳ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷልና፥ ያ ሱቅ፥ ያ ደረጃ፥ ያ ሰገነት የት እንደ ነበረ በጣታቸው ሊያመለክቱ የሚችሉት እነዚሁ አረጋውያን ናቸው። እርሳቸው ቢደክማቸው ሁለት ቦታ ይቀነስ፤ ወንበር ይፈለግላቸው፤ ልጆቹም በዙሪያቸው ይቀመጡ። ከዝርዝሩ የቀረው ቦታ በሚመጣው ዓመትም ይገኛል፤ የአያት ቃል ግን ቀጠሮ አይሰጥም።