የፈረምኩበት ስልክ



ውድ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ስልክ ነው። በኪሳችን ስለያዝነው ሳይሆን በዶርም መግቢያ፣ በክሊኒክ፣ በዘበኞች ቤትና በፕሮክተር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስለምናየው፣ አብዛኞቻችን አንድ ቀን እንኳ አንስተነው ስለማናውቀው የግቢ ስልክ ነው። ለኢንተርንሺፕ የተመደብኩት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ የድሮውን የስልክ ማዞሪያ በአዲስ በሚተካ ቡድን ውስጥ ነበር። እዚያ ያጠፋሁትን ጥፋት ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። በዚህ ዓመት ኢንተርንሺፕ የምትወጡ ብዙ ናችሁና ምናልባት ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ግን ወደ ሁለተኛ ዓመቴ ልመልሳችሁ። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ የዶርማችን ልጅ አስሙ ተነሣበት። መብራት ከጠፋ ሰዓታት አልፈዋል። የኔ ሞባይል ባትሪ ጨርሷል፤ የጓደኞቼ ደግሞ ኔትወርክ የላቸውም። ልጁ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ይታገላል፣ እኛ ዙሪያውን ቆመን እንንቀጠቀጣለን። አንዱ ሮጦ ፕሮክተሩን ቀሰቀሰ። ፕሮክተሩም በጨለማ እየዳሰሱ መግቢያው ላይ ያለውን ያረጀ ስልክ አነሡና አራት ቁጥር ደወሉ። የክሊኒኩ ነርስ አነሣች። ብዙም ሳይቆይ መኪናው መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ዛሬ ከኛ ጋር ሊመረቅ ነው። ያን ሌሊት ግን «መብራት በሌለበት ይህ ስልክ እንዴት ሠራ?» ብዬ አልጠየቅሁም። የኤሌክትሪካል ተማሪ ሆኜ እንኳ አልጠየቅሁም።

መልሱን ያገኘሁት ኢንተርንሺፕ ላይ፣ በስልክ ክፍሉ ለረጅም ዘመን ከሠሩ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ነው። እኛ ተለማማጆቹ ጋሼ እንላቸው ነበር። የድሮው ስልክ ሶኬት አያስፈልገውም። ኃይሉን የሚያገኘው ድምፁን በሚያመላልሰው በዚያው ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነው። በማዞሪያው ክፍል የተደረደሩት ባትሪዎች 48 ቮልት ገደማ ይልካሉ፤ መብራት ቢሄድም ባትሪዎቹ እስካሉ ድረስ ስልኩ በሕይወት አለ። ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ደወሉን ለማስጮኽ በሽቦው ላይ ወደ 90 ቮልት ይጨመራል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሽቦውን በባዶ እጄ ይዤ ሳለ አንድ ሰው ደወለና ነዘረኝ። ጋሼ ሳቁና «በል አንሣው፣ ላንተ ነው የተደወለው» አሉኝ።

«ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ለምን ይቀየራል?» ትሉ ይሆናል። ምክንያት አለው። የድሮው ማዞሪያ ካርድ ሲቃጠል መለዋወጫ አይገኝለትም። ለአንድ አዲስ ቢሮ ስልክ ለማስገባት አዲስ ጥንድ ሽቦ መጎተት አለበት። ሕንፃ ለመሥራት በተቆፈረ ቁጥር ኬብል ይበጠሳል። አዲሱ ስልክ ግን ድምፅን ወደ ዳታ ቀይሮ ለኢንተርኔት በተዘረጋው ኔትወርክ ላይ ይልካል። በተለመደው የድምፅ አቀያየር አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 64 ኪሎቢት በሰከንድ፣ ከነማሸጊያው ወደ 90 ኪሎቢት ገደማ ይወስዳል፤ ለግቢ ኔትወርክ ይህ ምንም ማለት ነው። አንድ መምህር ቢሮ ሲቀይር ስልኩን ይዞ ሄዶ ይሰካዋል፣ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። የማዞሪያውን ሥራ የሚሠራው አንድ ሰርቨር ነው። ሶፍትዌሩም እንደ አስተሪስክ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ፣ ማንም በነፃ አውርዶ ሊጠቀምበት የሚችል ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ያለው ኃይሉ ላይ ነው። አዲሱ ስልክ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በኔትወርክ ገመዱ በኩል፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ካለው ስዊች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ደረጃ ለአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይፈቅዳል፤ ለአንድ ስልክ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ ስለማይሄድ በየሕንፃው ስዊች ማስቀመጥ ግድ ነው። የዋናው ሰርቨር ክፍል ዩፒኤስም ጄኔሬተርም ሊኖረው ይችላል። የሕንፃው ስዊች መብራት ከሌለው ግን ስልኩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፕላስቲክ ነው።

የመፈተሻ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ይህን ያውቅ ነበር። በእያንዳንዱ ስልክ ትይዩ አምስት ሳጥን ነበር፤ የመጨረሻው «መብራት ሲቋረጥ ይሠራል» ይላል። የሦስት ዶርም ሕንፃዎች ቅጽ ለኔ ተሰጠኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳጥኖች በሚገባ ፈተሽኩ። አምስተኛውን ለመፈተሽ ግን የስዊቹን ካቢኔ ቁልፍ ከሕንፃው ኃላፊ ማምጣት፣ ኃይሉን ማጥፋትና መጠበቅ ያስፈልጋል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ቁልፍ ያዡም አልተገኙም። ተቆጣጣሪያችንን ስጠይቀው «ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው እኮ፣ ሙላውና ጨርስ» አለኝ። አላስገደደኝም። እኔም ሞላሁት፣ ከታች ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

እሑድ ማታ መብራት ጠፋ። የምናድረው እዚያው ግቢ በተሰጠን ክፍል ስለነበር የሞባይሌን መብራት አብርቼ ወደ አንደኛው ዶርም ሄድኩ። ስልኩን አነሣሁት። ድምፅ የለውም፤ መስኮቱ ጥቁር ነው። በሩ ላይ የተቀመጡት ዘበኛ አዩኝና «ልጄ፣ እሱ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም አባቴ?» ስላቸው «በምን ልናገር? የድሮውን ወሰዳችሁት፣ ይሄ አይሠራ» አሉ።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የታወሰኝ ያ የአስም ሌሊት ነው። ቀጥሎ የመድረሳ ኡስታዛችን ታወሱኝ። ብዙዎቻችሁ እንዳደጋችሁት እኔም ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ መድረሳ እያልኩ ነው ያደግሁት። ትንሽ ከፍ ስል ኡስታዝ የታናናሾቼን ጁዝ አማ እንዳዳምጥ ኃላፊነት ሰጡኝ። ልጁ ሳይሳሳት ካሰማኝ «አሰምቷል» እላለሁ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ቀን ኳስ ሊያመልጠኝ ሆነና አንዱን ልጅ «ታውቀዋለህ አይደል?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎ» አለኝ፤ ሳላዳምጠው «አሰምቷል» አልኩ። በማግሥቱ ኡስታዝ ልጁን አስቀርበው አስቀሩት፤ ከግማሽ ማለፍ አቃተው። እኔን ጠሩኝ። አልተቆጡም። «ልጁ ቢያውቀው ኖሮም ጥፋትህ ያው ነበር። ያልሰማኸውን ሰምቻለሁ ብለሃል» አሉኝ። በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ «ከእገሌ ሰማሁ» ማለትና «ከእገሌ ተላለፈ» ማለት ለምን እንደሚለያዩ በኋላ ስማር፣ የገባኝ በዚያች በአንዲት ቀን ምክንያት ነው።

ያ ቅጽ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ያኔ ልጁ አንድ ሱራ ነበር የጎደለው፤ አሁን ግን በሦስት ሕንፃ የተኛ ተማሪ ሁሉ የሌሊት ስልኩን በኔ ፊርማ አጥቷል።

ሰኞ ጠዋት ለተቆጣጣሪያችን ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ርክክቡ ረቡዕ ነበር፤ የኢንተርንሺፕ ውጤቴን የሚሞላውም እሱ ነው። «ሌሎቹም እንዳንተ ነው የሞሉት፣ አሁን ምን አመጣህ?» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ይቅርታ፣ ይለፍ» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን «በሌሎቹ ላይ አልናገርም፣ የኔ ሦስቱ ሕንፃዎች አልተፈተሹም፤ ፊርማዬን አንሡልኝ» ብዬ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። ለአለቃው አደረሰው። ርክክቡ ተራዘመ፣ ጓደኞቼም ለአንድ ሳምንት ያህል በደንብ አላናገሩኝም።

እንደገና ስንፈትሽ በአብዛኞቹ ሕንፃዎች ስዊቹ ዩፒኤስ አልነበረውም። ሌላም ነገር አገኘን። ለውጭ ጥሪ መጀመሪያ 9 መጫን ያስፈልጋል። የተደናገጠ ሰው የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ፈልጎ በቀጥታ 907 ቢደውል፣ ሰርቨሩ 9ኙን የውጭ መስመር መጠየቂያ አድርጎ ይወስደውና 07 ብቻ ወደ ውጭ ይልካል። ይህ በአንድ መስመር ትእዛዝ ተስተካከለ፤ ባይፈተሽ ግን ማንም አያውቀውም ነበር።

ለየሕንፃው ሁሉ ዩፒኤስ የሚገዛ በጀት አልተገኘም። መፍትሔውን ያመጡት ጋሼ ናቸው። «የመዳቡ ሽቦ አሁንም መሬት ውስጥ አለ፤ ለምን ትጥሉታላችሁ?» አሉ። በሰርቨሩ ክፍል፣ ዩፒኤስና ጄኔሬተር ባለበት፣ የድሮ ስልኮችን ከአዲሱ ሲስተም ጋር የሚያገናኝ አንድ መሣሪያ ተተከለ። ከዚያ በድሮው ሽቦ ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ በሮቹና ወደ ዶርሞቹ መግቢያ ተራ ስልክ ተመለሰ። ቢሮዎቹ በአዲሱ ቀጠሉ።

የትኛው ጥንድ ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ያወቅነው ከጋሼ ደብተር ነው። ጠርዙ የተበላ፣ በእጅ የተሰመረ የሒሳብ ደብተር ነው። ሳገላብጠው ባዶ የተተዉ መስመሮች አየሁና ጠየቅኋቸው። «እነሱን አልፈተሽኳቸውም» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስንሠራ በደብተሩ የተጻፈው ጥንድ ሁሉ በተባለበት ተገኘ።

ውጤቴ እንደጠበቅሁት አልመጣም፤ «የቡድን ሥራ» በሚለው ላይ ዝቅ ብሏል። አላማርርም፣ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ኢንተርንሺፕ የምትወጡ እህት ወንድሞቼ፣ ያልፈተሻችሁትን ሳጥን ባዶ ተዉት። ባዶ ሳጥን ሰው ይጠይቅበታል፤ በውሸት የተሞላን ግን ማንም ተመልሶ አያየውም። እዚሁ ግቢ ያላችሁ ደግሞ የዶርማችሁን ፕሮክተር የክሊኒኩን ቁጥር ጠይቁና በሩ ጀርባ ለጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲጠፋ ወርዳችሁ ያንን ስልክ አንሡት። ድምፅ ከሌለው በማግሥቱ ተናገሩ። እኔ የኛን ሕንፃ ባለፈው ሳምንት አንሥቼዋለሁ፤ ይሠራል። የሌሎቻችሁን አላነሣሁም።