እንግዳው መምህር

በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አንድ አሮጌ የድንጋይ ፎቅ ቆሟል፤ የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው እየተባለ ሲወራ ኖሯል። ስለዚህ እስጳኛዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጥቂት ላውጋችሁ።

ፓኤዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1603 ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ እንግዳ ሰባኪ ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ዐውደ ምሕረት አልተሽቀዳደመም፤ ይልቁንስ በትግራይ ፍሬሞና ተቀምጦ ግእዙንና አማርኛውን ሲያጠና፣ ትምህርተ ሃይማኖቱንም በአማርኛ አስጽፎ ሕፃናትን በጥያቄና መልስ ሲያስተምር ሰነበተ፤ በዓመቱ ዐፄ ዘድንግል ባስጠሩትም ጊዜ፣ በንጉሡ ፊት ቆመው ትምህርቱን አንድ በአንድ የተናገሩት እነዚያው ልጆች ነበሩ። ሃይማኖቱን ባልቀበልለትም፣ ይህን መምህርነቱን ግን አደንቃለሁ፤ ደቀ መዝሙሩን አስቀድሞ ራሱ ዝም የሚል ሰባኪ ዛሬስ ቢሆን ስንት አለ?

ኋላም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ተቀመጠ፤ ንጉሡ ካቶሊክነታቸውን በገለጹበት በ1622 በዚያው ዐረፈ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ግን ሊቃውንቱን በትዕግሥት ከመስማት ይልቅ፣ የተጠመቀው ሕዝብ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ አጽዋማቱና በዓላቱም በሮም ሥርዓት እንዲለወጡ በትእዛዝ ጀመረ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት በዐዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጧቸው።