የባሕር ዳሩ የአባይ ድልድይ

ወንዝ በበጋ መንገድ ነው። በክረምት ግን አጥር ነው። ይህን ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለው የቡና አገር ዝናቡ ብዙ ነው፤ ወንዙም ብዙ ነው። ቡና ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ጆንያ መሙላት አንድ ሥራ ነው። ጆንያውን ወንዝ አሻግሮ መኪና መንገድ ማድረስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ለታመመ ሰው ደግሞ ይብሳል። አንድ ክረምት በእኛ ቀበሌ አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት የግንዱን ድልድይ ጎርፍ ወስዶት አገኘን። ወንዝ ዳር አደርን። እግዜር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ድልድይ ካየሁ ቆሜ ሳላየው አላልፍም።

ልጄ ባሕር ዳር ትማራለች። ልጠይቃት ተነሣሁ። ከሚዛን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ባሕር ዳር የጣና ሐይቅ ወደብ ናት። ወደብ ማለት ጀልባና መርከብ የሚቆምበት፣ ሰውና ዕቃ የሚሳፈርበትና የሚወርድበት የውሃ ዳር ነው። ከወደቡ ጀልባ ወደ ዘጌ ይሄዳል። ዘጌም እንደ እኛ አገር በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል።

አባይ ከጣና የሚወጣው እዚያው ከተማው አጠገብ ነው። አሮጌው ድልድይ ወደ 60 ዓመት አገልግሏል። ከተማዋ ስታድግ ጠበበ፤ መኪናው ይጨናነቅበት ጀመር። ስለዚህ አዲስ ድልድይ ተሠርቶ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። በመሄጃው ሦስት መኪና፣ በመመለሻውም ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያልፋል። እግረኛና ብስክሌትም የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

ከልጄ ጋር በእግራችን ተሻገርን። «አባዬ፣ ቀና በልና እይ» አለችኝ። ከወለሉ በላይ ምሰሶዎች ቆመዋል። ከምሰሶዎቹ ወፋፍራም የብረት ገመዶች ወርደው ወለሉን ይዘውታል። ገመዱ የክብደቱን ከፊል ለምሰሶው ይሰጣል። ምሰሶው ለመሠረቱ ይሰጣል። መሠረቱም ለምድር ይሰጣል።

ወንዙ ዳር በድልድይ ሥራ በቀን ሠራተኝነት የኖረ ወጣት አገኘን። «ከባዱ ሥራ የትኛው ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰው የሚያየው ላዩን ነው፤ ልፋቱ ያለው ግን ታች ነው» አለኝ። ጭቃውና አሸዋው እየተቆፈረ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይወረዳል። ድልድይን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከላዩ የሚያልፈው ጭነት አይደለም። ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ነው። ጎርፍ የእግሩን አፈር ቀስ እያለ ይበላዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

አባይን ሳይ የእኛ አገር ውሃ ትዝ አለኝ። ባሮም ጊሎም ሄደው ሄደው ነጭ አባይ ይገባሉ። ነጭ አባይና ይህ አባይ ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። ባሮ ዳር ያለችው ጋምቤላም ወደብ ነበረች። ወደቡ የተቋቋመው አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ነው። የምዕራቡ ቡና ከዚያ በመርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። መርከቡ የሚመጣው ግን በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ ነው። እንግዲህ ያው የሞላ ውሃ ለመርከቡ መንገድ ነበር፤ ለእግረኛው አጥር። ድልድይ ካለ ግን ውሃውም ይሄዳል፣ ሰውም ይሄዳል።

አገሬ ተመልሼ ያየሁትን ለጎረቤቶቼ አወራሁ። የብረት ገመድ የለንም። ድንጋይና ግንድ ግን አለን። በበጋው ወንዙን ተከትለን ወጣን። ጠበብ ያለ፣ ዳርና ዳሩ አለት የሆነ ቦታ አገኘን። ከመንገዱ ትንሽ ይርቃል። «ለምን እንዞራለን?» ያለ ነበር። የዚያች ወላድ እናት፣ «ወንዝ ዳር ከማደር ዞሮ መግባት ይሻላል» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

የክረምቱ ጎርፍ የደረሰበትን ምልክት አየን። ግንዱን ከምልክቱ በላይ፣ በድንጋይ ካብ ላይ አጋደምነው። አሁን ጎርፍ በሄደ ማግስት ሁለት ሰው በተራ ወርዶ የድልድዩን እግር ያያል። የተቀረቀረ እንጨት ካለ ያነሣል። የተበላ አፈር ካለ በድንጋይ ይሞላል። ውሃው ሳይጎድል ግን ማንም አይወርድም።