የጎደሉት 15 ቁልፎች

ባቡሩ ከሜክሲኮ ተነስቶ ተግባረ ዕድን ሲያልፍ በመስኮት ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ልደታ ተሠርቶ ያላለቀ ከተማ ነው። እዚህ የመስታወት ሕንፃ፣ እዚያ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ፣ በመሀል ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁ የጭቃ ቤቶች። ልደታ ጣቢያ ወረድኩና ወደ ጌጃ ሰፈር በእግሬ አቀናሁ።

የሄድኩት አንዲት ፒያኒስት ፍለጋ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። በአንድ ዝግጅት ላይ የባሕን ሥራ ስትጫወት ሰምቻት ግራ እጇ ከቀኝ እጇ እኩል ሲናገር ገርሞኝ ነበር። ካበቃች በኋላ «ቤትሽ ፒያኖ አለ?» ብዬ ብጠይቃት ሳቀችና «ጋሼ፣ መጥተው ይዩት» አለችኝ።

በዚህ ሰፈር ስም የሚጠራ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጌጃ ቃለ ሕይወት። በአዲስ አበባ ጥሩ ኪቦርድ ተጫዋች የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች መሀል ነው። ልጆቹ ኖታ ሳያነቡ በጆሯቸው ይለምዳሉ፤ ዘማሪው ከየት እንደሚነሳ አስቀድሞ ስለማይነግራቸው ከአንዱ ስኬል ወደ ሌላው መዝለል ይችሉበታል። እሷም የጀመረችው እንዲሁ ነው፤ እሑድ እሑድ መዘምራንን እያጀበች። ኖታ ማንበብ የተማረችው ዘግይታ ነው። ለኮንሰርት መድረክ ያ መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ስታስረዳኝ ድምጿ ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ የሥራ ዝርዝር የምታነብልኝ ይመስል ነበር።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። እናቷ በር ላይ ቆመው «ቤት ለእንግዳ! ይግቡ እንጂ» ብለው ተቀበሉኝ። ቡናው እየተቆላ ነው። ከአልጋው ጎን ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል የለበሰ ኪቦርድ። ዳንቴሉን አንስታ አጣጠፈችና ተቀመጠች።

ኪቦርዱ 61 ቁልፍ አለው። ሙሉ ፒያኖ 88 ነው፤ ስለዚህ ከላይ 12፣ ከታች ደግሞ 15 ቁልፍ ይጎድለዋል። የባሕን ኢንቬንሽኖች እዚህ ላይ ያለ ችግር መጫወት ይቻላል፤ የባሕ ዘመን መሣሪያዎች ራሳቸው ከዛሬው ፒያኖ ያጠሩ ስለነበሩ ሙዚቃው ከዚያ አይወጣም። ሾፐን ላይ ሲደረስ ግን ግራ እጅ ወደ ታች ይወርድና ቁልፉ ያልቃል። ልጅቷ ከኪቦርዱ ግራ ጫፍ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ለጥፋለች። ካርቶኑ ላይ የጎደሉትን 15 ቁልፎች፣ ነጩንና ጥቁሩን ለይታ፣ ስፋታቸውን በማስመሪያ ለክታ በእስክሪብቶ ስላለች። ስትጫወት የግራ እጇ ትንሽ ጣት ያንን ካርቶን በትክክለኛው ርቀት ትመታለች። ከላይ ዜማው ይሰማል፤ ከታች ጠረጴዛው ዱብ ይላል።

«ርቀቱን እጄ እንዲያውቀው ነው» አለችኝ። «ድምፁን ትምህርት ቤት ስሄድ እሰማዋለሁ።»

እናቷ ቡናውን እየቀዱ፣ «ሌሊት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን ታደርግና እኔ ጠረጴዛው ሲመታ ብቻ ነው የምሰማው። ዜማውን አላውቀውም፤ ዱብዱብታውን ግን ለምጄዋለሁ» አሉ።

ካርቶን የማይተካው ነገር ክብደት ነው። የእውነተኛ ፒያኖ ቁልፍ ሲጫኑት መዶሻ ያስፈነጥራል፤ መዶሻው የብረት ክር ይመታል። ጣት ያንን ክብደት ካልለመደው ጮክ ብሎ መጫወት አያቅተውም። የሚያቅተው ዝግ ያለ ድምፅ ነው፤ አሳንሶ፣ ሳይጠፋ፣ እስከ ሐረጉ መጨረሻ መያዝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጠው እዚያ ላይ ነው፤ ፒያኒስትም የሚለየው በዚያ ነው።

ከዚህች ልጅ ፊት ተቀምጬ ስለ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ አለማሰብ አልቻልኩም። ግርማ እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ክራር ሲመታ ያደገ ሰው ነው። ፒያኖን የተዋወቀው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሲገባ ነው። ሾፐን የመጀመሪያ ፖሎኔዙ ሲታተም የ7 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚያ ሚዛን 16 ዓመት እጅግ የዘገየ ነው። ግርማ ግን ከያሬድ ተነስቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ደረሰ። እዚያ ሳለ የኮሙኒስቱ ሥርዓት ወደቀና ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ጣሊያን ገብቶ ስደተኛ ሆነ። ደግ ሰዎች ደግፈውት ተመልሶ ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ1995 አገሩ ገብቶ እስከ 2001 በያሬድ አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ የመድረክ ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ላቭ ኤንድ ፒስ» አልበሙ ውስጥ «አምባሰል»፣ «ሰመመን» እና «እልልታ» አሉ።

ልጅቷ «አምባሰል»ን ለራሷ እያጠናች ነው። ችግሩ የት እንዳለ በጣቷ አሳየችኝ። ዘፋኝ ወይም ማሲንቆ መቺ በሁለት ድምፆች መሀል ተንሸራትቶ ያንቀጠቅጣል፤ ፒያኖ ላይ ግን በሁለት ቁልፎች መሀል ምንም የለም። መንገዱ አንድ ነው፤ ጎረቤቱን ቁልፍ በቅጽበት ነክቶ መመለስ፣ ጆሮ የተንሸራተተ እስኪመስለው ድረስ። ደጋግማ ሞከረችው። አንዴ ፈጠነ፣ አንዴ ከበደ፣ ከዚያ ልክ መጣ። እናቷ የቡናውን ጀበና እንደያዙ ቀና አሉ። ባሕና ሾፐን እስካሁን ቀና አላሰኟቸውም ነበር።

ስለ ፒያኒስቷ መነኩሴ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም አነሳን። ስለ እሳቸው ሲወራ ምናኔያቸው ይጎላል። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ግን ከምናኔው በፊት የነበሩት፣ የውብዳር ይባሉ የነበሩት ወጣት ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የተወለዱ፣ በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩ። በ1937 ጣሊያን ከቤተሰባቸው ጋር አዚናራ ደሴት አጋዛቸው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተማሩ። ከዚያ ለንደን የመማር ዕድል መጣ፤ መሄድ ግን አልተፈቀደላቸውም። ሐዘኑ ምግብ ከለከላቸው፣ አልጋ ላይ ጣላቸው፣ በኋላም ግሸን ማርያም አደረሳቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው ጀርመን ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም ያወቃቸው በራሳቸው ድርሰቶች ነበር፤ እነዚያን ድርሰቶች እኔም እወዳቸዋለሁ። «መከልከሉ ለበጎ ሆነ» የሚለውን አነጋገር ግን አልቀበልም። አንዲት ወጣት የሠራችበትን ዕድል ከእጇ መንጠቅ በደል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያፈራችው ፍሬ የእሷ ብርታት እንጂ የከልካዮቹ ውለታ አይደለም።

ዛሬ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ማንም እንዲህ ያለ ክልከላ አይጽፍም። የሚጎድለው ሌላ ነው። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ላያቸው ቢሮ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ክፍል፣ አንድ የተቃኘ ፒያኖና ቁልፍ የሚይዝ ዘበኛ ቢኖር የዚህ ሰፈር ልጆች በእግራቸው ደርሰው ይለማመዱ ነበር። ይህን ስል የቅንጦት ነገር የጠየቅሁ አይመስለኝም። ለኳስ ሜዳ የሚከራከር ሰው ለዚህም ቢከራከር እወዳለሁ።

እሷ አሁን የምትፈልገው ቪዲዮ ነው። ውጭ አገር ላለ ኮንሰርቫቶሪ ልታመለክት ነው፤ ቀረጻው ጸጥ ባለ ቦታ፣ በትክክለኛ ፒያኖ መሆን አለበት። ሦስተኛው ቡና ሳይፈላ ስልኬን አውጥቼ ለማውቃቸው ሰዎች ደወልኩ። አንዱ «አዳራሻችን ሐሙስ ጠዋት ባዶ ነው» አለኝ፤ ፒያኖው ግን ከክረምቱ ወዲህ አልተቃኘም። ክረምት እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ በጋ ያደርቀዋል፤ ከ200 የሚበልጡት ክሮች በየራሳቸው ከቅኝት ይወጣሉ። ስልኩን ሳልዘጋ ነገሩን አስረዳኋት።

«ቃኚውን አውቀዋለሁ» አለች፤ ዳንቴሉን ኪቦርዱ ላይ መልሳ እያለበሰች። «ረቡዕ ይዤው እመጣለሁ፣ በር የሚከፍትልኝ ሰው ብቻ ይኑር ይበሉልኝ።»