አንድ ከሰዓት በኋላ ለሁለታችሁ፦ በድሬዳዋና በዙሪያዋ



በድሬዳዋ የኖረ ሰው የእሑድን ከሰዓት በኋላ ያውቀዋል። ከአምልኮ ወጥታችሁ፣ ከቅዱሳን ጋር ተሰነባብታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ ስታበቁ ከተማዋ ጸጥ ትላለች። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት ያስገባዋል። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ የባጃጁ ሹፌር ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ብዙው የከተማው ሰው በዚህ ሰዓት ፍራሽ አንጥፎ፣ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል። እኛ አማኞች በርጫ አንቀመጥም። ታዲያ ያንን ሰዓት ምን እናደርግበታለን?

የብዙዎቻችን መልስ አንድ ነው፦ ስብሰባ። የመዘምራን ልምምድ፣ የኮሚቴ ውይይት፣ የሠርግ ዝግጅት። ስብሰባ ከሌለ ደግሞ ባል ቴሌቪዥን ፊት፣ ሚስት ጓዳ፤ ወይም ሁለቱም በየስልካቸው ላይ። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። በአንድ ወቅት በሦስት ኮሚቴዎች ውስጥ አገለግል ነበር። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል ባለቤቴ፣ «የዛሬው አጀንዳችሁ ስንት ነው?» አለችኝ። «አራት» አልኋት። «እንግዲያው እኔን አምስተኛ አድርገህ አስይዝልኝ፤ ከአንተ ጋር የምነጋገርበት ሌላ ቦታ አጣሁ» አለች። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። በዚያ ቀን የተወያየንበትን ጉዳይ ዛሬ አላስታውሰውም። የእርሷን ቃል ግን አልረሳሁትም።

በሚቀጥለው እሑድ ፈቃድ ጠይቄ ሁለታችን አብረን ወጣን። ይህን የምጽፍላችሁም ከዚያ ቀን ጀምሮ እየወጣን ያየነውን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

የይስሐቅ ከሰዓት በኋላ

የዘፍጥረት መጽሐፍ ምዕራፍ 24 መጨረሻ ላይ ይስሐቅን እናገኘዋለን። ቀኑ ወደ ማምሻው ሲቃረብ በልቡ ሊያሰላስል ብቻውን ወደ ሜዳ ወጥቷል። እናቱ ሣራ ሞታበታለች። ቀና ብሎ ሲያይ ከሩቅ የግመሎች ጉዞ ታየው፤ በአንደኛው ላይ ርብቃ ነበረች። በግመል አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ሥዕል እንግዳ አይደለም። ሥራ በበዛበት ቤት ውስጥ ሳይሆን በሜዳ፣ በቀዝቃዛው ሰዓት፣ እግዚአብሔር ትዳርን ጀመረለት። እኛስ የጀመረልንን ትዳር ለማደስ ወደ ሜዳ ብንወጣ ምን ይከለክለናል?

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትውጡ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናትና ከፀሐይ ጋር አትታገሉ። ከምሳ በኋላ ዐረፍ በሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ተነሡ። ልጆች ካሏችሁ ለአያታቸው ወይም ለምታምኗት ጎረቤት አደራ ስጡ፤ በሌላ ቀን እናንተም የእርሷን ልጆች ትይዛላችሁ። ስልክ አንድ ብቻ ያዙ፤ እርሱንም ዝጉት። ውኃ አትርሱ።

ከዚራ፦ ከታጠፈ ሐሳብ የተገኘች ከተማ

ጉዟችሁን ከከዚራ ጀምሩ። ጎዳናው በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው። ቀይ አበባ የሚያብበውን ያንን ትልቅ ዛፍ መላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» እያለ ይጠራዋል፤ የትውልድ አገሩ ግን ማዳጋስካር ነው። ቀስ እያላችሁ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ድረስ ሂዱ።

የዚህችን ከተማ አመጣጥ እያወራችሁ ተራመዱ። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲነሣ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ከፊት ያለው ተራራ ለባቡር አልመች አለ። መሐንዲሶቹ ሐሳባቸውን አጥፈው መስመሩን በቆላው በኩል መሩት፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ዳግማዊ ምኒልክም «አዲስ ሐረር» አሏት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው ጣቢያ ነው፤ ይህ አሮጌው ጣቢያ ግን የከተማዋ መነሻ ሆኖ እንደ ቆመ ነው።

እዚህ ቆማችሁ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ «ስንጋባ ካሰብነው ውስጥ ያልሆነው ምንድን ነው? እግዚአብሔርስ በዚያ ፈንታ ምን ሠራ?» ይህች ከተማ ራሷ ሰዎች ያላቀዷት ነበረች።

ደቻቱ፦ ያላለቀስንለት ነገር

ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገሩ ደቻቱን ታገኛላችሁ። በበጋ ብታዩት ወንዝ አይመስላችሁም፤ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። ሰው በላዩ ይመላለስበታል። ነገር ግን ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በተራራው ላይ የጣለው ዝናብ በዚህ አሸዋ ላይ ወረደ። ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። የድሬዳዋ ሰው ያንን ሌሊት ሲያነሣ ድምፁ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ በላያችሁ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደንገጎ በኩል ከጠቆረ ወደ አሸዋው አትውረዱ። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ነው።

በዚያ በመጀመሪያው እሑድ ድልድዩ ላይ ቆመን ስለ ጎርፉ ስናወራ ባለቤቴ ዝም አለች። ቆይታ፣ «እኛም እኮ የሞተብን አለ» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ጽንስ ጨንግፎባት ነበር። ወንድሞችና እኅቶች መጥተው ጸለዩልን፤ እኔም በዚያው ሳምንት ወደ ኮሚቴዬ ተመለስሁ። እምነት መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ስታዝን ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። በዚያ ድልድይ ላይ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሁለታችንም አለቀስን። አላፊ አግዳሚው ምን እንዳለን አላውቅም።

ወገኖቼ፣ የትዳር ጎርፍም እንዲሁ ነው። ከታች አሸዋው ደርቆ፣ ሰዉ በላዩ እየተመላለሰ ሳለ ከላይ ዝናቡ ይጠራቀማል። ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ቀና ብሎ ማየት ይሻላል።

ቀፊራ፦ ለመንገድ ስንቅ

ድልድዩን ከተሻገራችሁ ቀፊራ ገበያ ቅርብ ነው። ቅስት ባለው በር ግቡ፤ ሰዉ የሚነጋገረውን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ስሙ። ለሻጮቹ ሰላምታ ስጡ፤ ብዙዎቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ መልካም ምስክርነት ከደግ ቃል ይጀምራልና። ፓፓያ ወይም ዘይቱን ከተገኘ ግዙ። ባል የሚስቱን ምርጫ ይጠይቅ፤ ስንት ዓመት አብረን ኖረን የምትወደውን ፍሬ የማናውቅ አለንና።

ደንገጎ፦ ከላይ ሆኖ ማየት

ጊዜና አቅም ካላችሁ፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ፣ በሐረር መንገድ ወደ ደንገጎ ውጡ። ሐረር ድረስ ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ደንገጎ ግን ከዚያ በጣም ይቀርባል። ሚኒባሱ በጠመዝማዛው ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አየሩ ይቀዘቅዛል። በላብ የወጣችሁ ሰዎች ላይ ስትደርሱ ሹራብ ትፈልጋላችሁ፤ ያዙ። በመንገዱ ዳር የማሽላና የጫት ማሳ ታያላችሁ።

ከላይ ወደ ታች ስትመለከቱ ድሬዳዋ በሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። ከዚራው፣ ሳቢያኑ፣ መጋላው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ቤታችሁ የትኛው እንደ ሆነ አትለዩትም። እዚያ ቤት ውስጥ ትናንት የተጨቃጨቃችሁበት ነገርም ከዚህ ሆናችሁ ስታስቡት ያንስባችኋል። እኛ እዚያ ተቀምጠን ፓፓያችንን በላን። ብዙ አልተናገርንም። የሚያስፈልገው ደቻቱ ላይ ተነግሮ ነበርና። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘን ለከተማዋ፣ ለቤታችን፣ ላላየነውም ልጅ ጸለይን። ሳይመሽ ወረድን።

አገልግሎትስ?

አገልግሎት ተዉ ማለቴ አይደለም። እኔም ዛሬ አገለግላለሁ፤ በአንድ ኮሚቴ። ከወሩ እሑዶች አንዱን ከሰዓት በኋላ ግን ለባለቤቴ ሰጥቻለሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ያውቁታል። ጌታ ኢየሱስ ራሱ ከአገልግሎት የተመለሱትን ደቀ መዛሙርት ለብቻቸው ወስዶ ሊያሳርፋቸው እንደ ፈለገ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ታገኛላችሁ። ደንገጎ መውጣት ባትችሉ ከዚራ ይበቃል፤ ከዚራ ቢርቃችሁ የሰፈራችሁ ዳር ይበቃል።

በመጨረሻ ወደ ቤት ስትመለሱ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ተጠያየቁ፦

1. በዚህ ወር ብቻህን ወይም ብቻሽን የተሸከማችሁት ነገር ምንድን ነው?
2. እኔ «እምነት ነው» ብዬ ያለፍሁት፣ አንቺን ወይም አንተን ግን የጎዳ ነገር አለ?
3. የሚቀጥለው ከሰዓት በኋላችን መቼ ነው?

ሦስተኛውን ቀኑን ቆርጣችሁ በደብተራችሁ ጻፉት። የዘፍጥረት 24 ታሪክ የሚያበቃው ይስሐቅ ከእናቱ ሐዘን በትዳሩ እንደ ተጽናና በመንገር ነው። ያው ጌታ ቤታችሁን ያጽናና። አሜን።