ቀስ ብሎ የሚበላው ማሽን

ላስ ቬጋስ ታክሲ ስንነዳ፣ ከሥራ ወጥተን ቪዲዮ ፖከር ፊት እንቀመጥ ነበር። ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ይመስሉናል። አንድ ሌሊት ከመካከላችን ሒሳብ የሚወደው ልጅ የክፍያ ሰንጠረዡን አነበበልን። «ጃክስ ኦር ቤተር» አንዱ ማሽን ላይ ለፉል ሃውስ 9፣ ለፍላሽ 6 ይከፍላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ 8 እና 5። በየዙሩ ሙሉ አምስት ሳንቲም አስይዞ ያለ ስህተት ለተጫወተ፣ የመጀመሪያው ከ100 ዶላር በአማካይ 99.54 ይመልሳል፤ ሁለተኛው 97.30 ብቻ። በሰዓት 750 ዶላር ቢዞር፣ ኪሳራው በአንዱ 3.45፣ በሌላው 20.25 ዶላር ነው።

ደስ አለን! «ደጉን» ማሽን አገኘን ብለን እስኪነጋ መቀመጥ ጀመርን። ለካ ሰንጠረዡ የነገረን የትኛው ቀስ ብሎ እንደሚበላን ነው።

እናቶቻችን ሲደውሉ «ሥራ ቀዝቅዟል» አልናቸው። ሥራው ግን አልቀዘቀዘም ነበር።